ከካርዱ በፊት ገመዱ

የውሃ ማጣሪያ ጣቢያው የጥገና ኃላፊ ሲደውልልኝ የፈለገው አናሎግ ካርድ፣ ማለትም ከመለኪያዎች የሚመጣውን ሲግናል ለመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ የሚያነብለትን ካርድ፣ ይዤለት እንድመጣ ብቻ ነበር። “በመብረቁ የተቃጠለውን ቀየርነው፣ አዲሱም ሄደ። ሌላ አስገባን፣ እሱም ሄደ። መጋዘን ውስጥ የቀረ የለም” አለኝ። መብረቁ የወረደው ሌሊት ነው፤ ሁለቱ አዳዲስ ካርዶች የተቃጠሉት ግን ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነው። ከመብረቁ ይልቅ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ካርዱን ያዝኩለት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ቀድመው የገቡት ግን መልቲሜትሩና የመለኪያ መስመር መፈተሻው፣ የሉፕ ካሊብሬተሩ፣ ናቸው።

መንገዱ በዝናብ ርሶ ያንሸራትታል። ከመጨረሻው ዳገት አናት ላይ ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩ፤ ከዚያ ላይ ጣቢያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ከታች ሸለቆው ውስጥ የፓምፕ ቤቱና የመቆጣጠሪያ ክፍሉ፣ ከፊት ለፊት ኮረብታው ላይ ክቡ የኮንክሪት ማጠራቀሚያ፣ በመሃላቸው ደግሞ አፈር ውስጥ የተቀበረ 800 ሜትር ገደማ የመዳብ ገመድ። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ካርታ የለም። የመብረቅ የመጀመሪያ ምት ብዙውን ጊዜ ወደ 30 ሺህ አምፒር ይጠጋል። የኮረብታው ኤርዝ (ከረንትን ወደ መሬት የሚያወርደው ማያያዣ) 10 ኦም ቢሆን፣ ያ ሁሉ ከረንት በእሱ በኩል ሲወርድ እዚያ ያለው መሬት ለቅጽበት ከሩቁ መሬት በ300 ሺህ ቮልት ከፍ ይላል። በዚያች ቅጽበት የኮረብታውና የሸለቆው መሬት ለየብቻ ናቸው፤ የሚያገናኛቸው መዳብ ካለ ልዩነቱ በእሱ በኩል መንገድ ይፈልጋል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለ ዕቃም አይተርፍም። መብረቁ ዕቃውን በቀጥታ መምታት እንኳ የለበትም።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ተረኛው ኦፕሬተር በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ማጠራቀሚያው የት እንደደረሰ ጥበቃውን በስልክ እየጠየቁ፣ ፓምፖቹን በእጅ ሲያስነሱና ሲያጠፉ ነው ያደሩት።

“እርስዎ ሲያዩት መጀመሪያ የጠፋው የቱ ነው?” አልኳቸው።

“መጀመሪያ የታንከሩ ከፍታ ዜሮ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ባለበት ደረቀ። ፓምፑ ግን አልቆመም፣ ድምፁን እሰማው ነበር።”

ከእሳቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ያገኘሁት ፓነሉን ከፍቼ ከማየው ይበልጥ ነበር። ችግሩ ሁለት ነው፦ የከፍታው ሲግናል አንድ፣ የመገናኛ መስመሩ ሌላ። ጣቢያውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ ራሱ አልሞተም። ቴክኒሺያኖቹ ግን የጠቆረውን ሞደም ከበው ቆመዋል። ጥላሸት ዓይን ይስባል እንጂ ብዙ አይናገርም፤ ሞደሙ ሞቷል፣ ይቀየራል፣ በቃ።

ፒኤልሲውን “አጥፍተን እናብራው” ያለም ነበር። የባትሪውን መብራት ሳላይ አልፈቀድኩም። እንደዚህ ያለ አሮጌ ፒኤልሲ ፕሮግራሙን የሚያኖረው በባትሪ በሚጠበቅ ሚሞሪ ላይ ነው፤ ባትሪው ደክሞ ከሆነ ማጥፋት ማለት ፕሮግራሙን መደምሰስ ማለት ነው። ባትሪው ደህና ነበር፤ ቢሆንም ፕሮግራሙን መጀመሪያ ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩ።

አዲሱን ካርድ ከካርቶኑ አላወጣሁም። የሲግናል መስመሩን የሚመግበውን 24 ቮልት አጥፍቼ፣ ከኮረብታው የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች ከተርሚናሉ ነቅዬ በመሃላቸው ያለውን ሬዚስታንስ ለካሁ፦ 20 ኦም ገደማ። 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር መዳብ በኪሎ ሜትር 12 ኦም ገደማ አለው፤ 800 ሜትር ደርሶ ሲመለስ 20 ኦም እሱው ነው። የምለካው ገመዱን ብቻ ነው ማለት ነው፤ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ተገናኝተው ሾርት ሆነዋል። የካርዶቹ ገዳይ ታወቀ። የዚህ ካርድ መግቢያ 250 ኦም ሬዚስተር አለው። በደህናው ቀን ማጠራቀሚያው ላይ ያለው የከፍታ መለኪያ፣ ትራንስሚተሩ፣ ከረንቱን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር መካከል ስለሚይዘው፣ 20 ሲደርስ እንኳ ሬዚስተሩ ላይ የሚያርፈው 0.1 ዋት ነው። ጫፉ ሾርት ሲሆን ግን የሚገድበው የለም፤ 90 ሚሊአምፒር የሚጠጋ ከረንት ያልፋል፣ ያቺ ትንሽ ሬዚስተር ላይ 2 ዋት ገደማ ሙቀት ይጫናል። ጠዋት ከተቃጠሉት አንዱን ካርድ ፈትቼ አሳየኋቸው፤ የአንዱ ቻናል ሬዚስተር ብቻ ጠቁሯል፣ ሌሎቹ እንደ አዲስ ናቸው። ፊውዝ ያለው ካርድ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር፤ ይሄ የለውም። የመጀመሪያውን ካርድ የገደለው መብረቁ ነው። ሁለቱን የጨረሳቸው የጣቢያው የራሱ 24 ቮልት ነው።

ወደ ኮረብታው ልንወጣ ስንል ነጎድጓድ ተሰማ። ኃላፊው “ሩቅ ነው፣ እንሂድ” አለ። እምቢ አልኩ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም ኮረብታ ላይ የብረት መሰላል አይጨብጥም።

እስከዚያ የመገናኛ መስመሩን ያዝን። ፍሰት ቆጣሪዎቹ፣ የፓምፕ ድራይቮቹና የኃይል ቆጣሪዎቹ በአንድ ጥንድ ሽቦ፣ አርኤስ-485 በሚባል መስመር ላይ ተደርድረው ሞድባስ በሚባል የመሣሪያዎች ቋንቋ የሚያወሩበት ነው፤ አንዱ ሾርት ከሆነ ሁሉም ዝም ይላሉ። ሁለቱ ጫፎች ላይ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ስላለ፣ ኃይል አጥፍቶ ሲለካ ወደ 60 ኦም መነበብ ነበረበት። ያነበብኩት 4 ነው። መስመሩን መሃል ላይ ከፈልኩት፤ አንደኛው ግማሽ 120 አካባቢ አሳየ፣ ስለዚህ እሱን ተውኩት። የታመመውን ግማሽ እንደገና ለሁለት። እንዲህ እያጠበብን ስንሄድ የደረስንበት ማንም ያልጠረጠረው የኃይል ቆጣሪ ነው። ስክሪኑ ይበራል፣ ቮልቱን በትክክል ያሳያል፤ የሞተው የመገናኛ ቺፑ ብቻ ነው። እሱን አውጥተን መስመሩን ስናያይዝ ቁጥሮቹ ተንቀሳቀሱ። ኦፕሬተሩ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡ።

ሰማዩ ሲረጋ ወጣን። ማጠራቀሚያው አናት ላይ ያለችውን ሳጥን ስከፍት፣ ሲግናሉ ላይ የተገጠመው ሰርጅ አሬስተር (ከመብረቅ የሚመጣን ከፍተኛ ቮልት መከላከያ) ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም። ከመስመሩ ስነቅለው ሾርቱ ጠፋ። እነዚህ አሬስተሮች ውስጥ ያለው የሴሚኮንዳክተር መከላከያ ከአቅሙ በላይ ሲመታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ሾርት ሆኖ ነው፤ ሲሞትም እንዲህ ሌላ ችግር ትቶ ይሄዳል። ይሁንና ትራንስሚተሩንም አላዳነውም፤ በካሊብሬተሩ 24 ቮልት ሰጥቼው ምንም ከረንት አልሳበም። ምክንያቱ እዚያው ዓይኔ ሥር ነበር፦ ወደ ሁለት ሜትር የሚሆን አረንጓዴና ቢጫ የኤርዝ ሽቦ፣ በንጽህና ተጠቅልሎ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ። የገጠመው ሰው “ትርፍ ይኑረው” ብሎ ይመስለኛል፤ ሲታይም ያምራል። ቀጥ ያለ ሽቦ እንኳ በሜትር 1 ማይክሮሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ (የከረንትን ድንገተኛ ለውጥ የሚቃወም ባሕርይ) አለው። ከረንቱ በማይክሮሰከንድ በ1 ሺህ አምፒር ፍጥነት ሲጨምር እያንዳንዱ ሜትር ላይ 1 ሺህ ቮልት ይፈጠራል፣ ሲጠቀለል ደግሞ ይብሳል። አሬስተሩ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን ያ ቮልት ተደምሮ የሚያርፈው ትራንስሚተሩ ላይ ነው። ጠቅላላ የማያያዣው ርዝመት ከግማሽ ሜትር እንዳይበልጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። አዲሱን አሬስተር በአንድ ስንዝር ሽቦ ከሳጥኑ የኤርዝ ባር ጋር አሰርኩት፣ መጠባበቂያ ትራንስሚተራቸውንም ገጠምን። ታች ወርጄ ከለካሁ በኋላ ካርዱ ተሰካ፤ ከፍታው ስክሪኑ ላይ መጣ።

ከመሄዴ በፊት የሚሠሩትን ግን በዚያው መስመር ላይ የነበሩትን ዕቃዎች ዝርዝር ለኃላፊው ጻፍኩለት። መብረቅ ያቆሰለው ዕቃ ሳምንታት ሠርቶ ነው አንዳንዴ የሚወድቀው፤ መጠባበቂያ ከወዲሁ ይታዘዝ አልኩት።

“ወደ ኮረብታው ፋይበር ብንዘረጋ ይገላግለናል?” አለኝ።

“ሲግናሉን አዎ፣ ፋይበር የሚያስተላልፈው ብርሃን እንጂ ከረንት አይደለም። ግን ለመብራቱና ለክሎሪን መጨመሪያው ፓምፕ የሚወጣው የኃይል ገመድም መዳብ ነው። ፋይበሩ ጫፍ ላይ ሲግናሉን ወደ ብርሃን የሚለውጠውን መቀየሪያ ከዚያ ገመድ ካበላኸው መብረቁ በዚያ በኩል ይመጣል።”

“በሶላርስ?”

ትራንስሚተሩ በ24 ቮልትና በ20 ሚሊአምፒር ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም፣ የፋይበር መቀየሪያውም ጥቂት ዋት ነው። እነሱ ቀላል ናቸው አልኩት። ትልቁ ጥያቄ የክሎሪን ፓምፑ ነው፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ከመዝገቡ አውጥቶ ሊልክልኝ፣ እኔም የሶላር ፓነሉንና የባትሪውን መጠን አስልቼ ልመልስለት ተስማማን።