የአርክቴክቸር ሥራ ራእይና ወሰን

በቃሊቲ ዳርቻ ለሚገኝ አንድ ፋብሪካ የኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ሥራ (የድርጅቱን አሠራር፣ መረጃና የኮምፒውተር ሥርዓቶች በአንድነት የማቀድ ሥራ) እየጀመርን ስለሆነ፣ ስለ መነሻው ያለኝን እምነት ልጽፍ ወደድኩ። ዘ ኦፕን ግሩፕ የተባለው የቴክኖሎጂ ደረጃ አውጪ ማኅበር የሚያሳትመውና የመጀመሪያ እትሙ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ቶጋፍ (TOGAF) የተባለው የዚህ ሥራ መመሪያ፣ ከቅድመ ዝግጅቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ምዕራፍ የአርክቴክቸር ራእይ ይለዋል፤ ከዋና ውጤቶቹም አንዱ በሥራው ባለቤት የሚጸድቅ የሥራ መግለጫ ሰነድ ነው።

የሥራው ወሰን በስፋት (የትኞቹ ክፍሎች እንደሚካተቱ)፣ በጥልቀት (እስከ ምን ዝርዝር እንደሚኬድ)፣ በጊዜና በአርክቴክቸር ዘርፍ (የሥራ ሂደት፣ መረጃ፣ ሶፍትዌር ወይም ቴክኖሎጂ) ይለያል። ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ግን ስፋቱ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ችግር እንዲካተትለት ይፈልጋልና።

ጥሬ ዕቃ ጭኖ የገባ መኪና ሰሌዳ ቁጥሩ በጥበቃው መዝገብ ይጻፋል፤ ክብደቱ በሚዛን ቤቱ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ የመጋዘን ሠራተኛው በኤክሴል ይመዘግበዋል፤ ሒሳብ ክፍል ደግሞ ያንኑ ቁጥር እንደገና ወደ ፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ያስገባል። ስለዚህ ራእያችን «ዘመናዊ ድርጅት መሆን» ከሚል ይልቅ «አንድ ጭነት ከበር እስከ ሒሳብ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዝገብ» ቢል እመርጣለሁ፤ ይህን ሥራ አስኪያጁም የሚዛን ሠራተኛዋም እኩል ይረዱታል፣ መሳካቱንም ማረጋገጥ ይቻላል።

የደመወዝና የሰው ኃይል ሥርዓቱ በዚህ ዙር አይነካም። ይህም በሥራ መግለጫው ሰነድ ላይ «ከወሰን ውጭ» በሚል ርእስ ሥር በግልጽ መስፈር አለበት፤ አለበለዚያ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ «ይህማ ተካቷል ብለን ነበር» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ሰነዱንም የአይቲ ኃላፊው ብቻ ሳይሆን በጀቱን የሚፈቅደው ሥራ አስኪያጅ ጭምር ሊፈርምበት ይገባል።