ያልመጣው 70 ቁጥር

ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ በሚገኝ ሆቴል የቁርስ ሽፍት ሱፐርቫይዘር ነኝ። እንግዳው ከክፍሉ ሲወርድ እንቁላሉ መጥበሻ ላይ፣ ቡናው ጀበናው ውስጥ መሆን አለበት። ጀበና ስል የሆቴሉን ትልቅ የብረት ቡና ማፍያ ማለቴ ነው፤ የኛውን ብታስቡ ደስ ባለኝ። ለዚህ ሲባል ልጆቹ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል፣ በአሜሪካኖቹ 5:30 ማለት ነው፣ ክሎክ ኢን ያደርጋሉ፤ ሥራ መግባታቸውን ይመዘግባሉ።

አብዛኞቹ መኪና የላቸውም። ያላቸውም ዳውንታውን ይዘው አይመጡም፤ ፓርኪንጉ የቀኑን ደሞዝ ግማሽ ይበላዋል። ባቡሩ ደግሞ እሁድ ማለዳ የሚጀምረው እኛ ሥራ ከጀመርን በኋላ ነው። ስለዚህ የሆቴሉ ቁርስ የቆመው በአውቶብስ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። እንግዶቹ ይህን አያውቁም። ማናጀራችንም እስከዚያ እሁድ ድረስ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እሁዱ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ ጁን 29 ቀን 2025 የዋለው ነው። የከተማው የትራንስፖርት ድርጅት ሜትሮ የአውቶብስ መስመሮቹን በሙሉ እንደ አዲስ አደራጅቶ ሥራ ያስጀመረበት ቀን። እንዲህ ከሥር መሠረቱ ሲለወጥ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ስሞቹ ሁሉ ተቀየሩ። በጆርጂያ ጎዳና ሽቅብ ቁልቁል ሲል የኖረው 70 ቁጥር «ዲ40» ተባለ። የ16ኛው ጎዳና ኤስ2 «ዲ60» ሆነ። በኤች ጎዳና የሚሄደው ኤክስ2 «ዲ20»። ወደ መሃል ከተማ ለሚገቡት ዲ፣ በሜሪላንድ በኩል ላለው ለሞንትጎመሪ ኤም፣ በቨርጂኒያ በኩል ላሉት ደግሞ ለፌርፋክስ ኤፍ፣ ለአርሊንግተንና ለአሌክሳንድሪያ ኤ። መጨረሻው ላይ ኤክስ ካለበት ፈጣን ነው፤ በየፌርማታው አይቆምም። በጣም የተቀራረቡ ፌርማታዎችም ተቀነሱ፤ አውቶብሱ በየመቶ ሜትሩ ፍሬን እየያዘ እንዳያዘግም።

እውነቱን ለመናገር አሠራሩ ከድሮው ይሻላል። ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ፊደሏን አይቶ ወዴት እንደሚሄድ ይገምታል። ጣጣው ለከተማው አዲስ ያልሆነው ሰው ላይ ነው።

ሆቴሉ ማስታወቂያውን ከሳምንታት በፊት በእንግሊዝኛ አትሞ ክሎክ ኢን ማድረጊያው አጠገብ ለጥፎታል። ሜትሮ በአማርኛም በስፓኒሽም አዘጋጅቶት ነበር፤ የኛ ቢሮ ግን ፊት ለፊቱ ያገኘውን አተመ። ያ ግድግዳ ደግሞ ምን ያልተለጠፈበት አለ? የዝቅተኛ ደሞዝ ሕጉ፣ የእጅ መታጠቡ፣ የእሳት አደጋ መውጫው፣ የጠፋ ጃኬት ያገኘ ሰው እንዲመልስ የተጻፈው። ማንም ቆሞ አያነበውም።

ለውጡ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እረፍት ላይ ሳለን ዕቃ አጣቢያችንን ጠየቅኳቸው። ዕድሜያቸው ስለገፋ ሁላችንም፣ ሳልቫዶራውያኑ ሳይቀሩ፣ «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

«ጋሼ፣ እሁድ በምንድን ነው የሚመጡት?»

«በ70 ነዋ! በምን ልመጣ?»

«70 እኮ ከእሁድ ጀምሮ የለም።»

«ውይ! ምን ሆኖ?» አሉ፣ ሰው እንደሞተ ሁሉ ሹካውን አስቀምጠው።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ከትዕዛዝ ማተሚያዋ ላይ ወረቀት ቀደድኩና እያንዳንዱን ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። የት ነው የምትሳፈረው? ስንት ሰዓት? የት ትወርዳለህ? ትቀይራለህ ወይስ አንድ ነው? ከዚያ በሜትሮ ካርታ ላይ የየአንዳንዱን አዲሱን መስመር እየፈለግን ጻፍን። ለአንዳንዱ ቁጥሩ ብቻ ነው የተቀየረው። ከቨርጂኒያ በኩል ለምትመጣው እህታችን ግን መንገዱም ተቀይሯል፣ የለመደችው ፌርማታም ተነስቷል። እሷ ከቤቷ ቀደም ብላ መውጣት ነበረባት። ይህን ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት አይነግራትም። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ አውቶብሱ ነው፤ እሷ ማወቅ የፈለገችው ደወሏን ስንት ሰዓት ላይ እንደምትሞላ ነው።

ኦምሌት የሚሠራው ልጅ ግን ሳቀብን። «እኔ ስልክ አለኝ፤ እናንተ ተጨነቁ» አለ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ እንግሊዝኛውም ከሁላችን ይሻላል። ማስታወቂያውንም ከመሃላችን ያነበበው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እሁድ ጋሼ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ወረቀቷ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነበረች። የቨርጂኒያዋም በሰዓቷ መጣች፤ እግሬ አለቀ እያለች። ኦምሌት ሠሪው የለም። ስልኩን አያነሳም። እንግዶች ሰሃን ይዘው ተሰለፉ፤ አንዱ የእንቁላል ነጩን ብቻ ይላል፣ አንዱ ሽንኩርት አታድርጊ ይላል። ሽርጥ አድርጌ ገባሁ። የኔ ኦምሌት ሲገለበጥ ፍርፍር ነው የሚሆነው፤ ግን በሉት።

ልጁ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ለካስ ፌርማታው ላይ በጊዜው ቆሞ ነበር። አንድ ዲ40 መጣ፤ አሳለፈው። ሌላ ዲ40 መጣ፤ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ሲያየው በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» አለው። 70 ቁጥርን እየጠበቀ! «አንብቤዋለሁ እኮ» ይላል፣ ራሱንም እየገረመው። «ግን በዚያ ሰዓት ዓይኔ የሚፈልገው 70 የምትለዋን ቁጥር ብቻ ነው።»

አልፈረድኩበትም። አዲስ አበባም አንበሳ አውቶብስን የምናውቀው በቁጥሩ ነው፤ ሰው እንቅልፉን ሳይጨርስ የሚወጣው ቁጥሩን አምኖ ነው። በታክሲ ቢሆን ወያላው ራሱ ይጠራናል። ጆርጂያ ጎዳና ላይ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዳውንታውን! ዳውንታውን! የሞላ!» የሚል አንድ ወያላ ቢኖር ኖሮ ልጁ አያረፍድም ነበር።

ማናጀሩ ፖይንት ሊሰጠው ፈለገ። እኛ ጋ ማርፈድ ፖይንት ያስይዛል፤ ፖይንት ሲጠራቀም ደግሞ ከሥራ ያስወጣል። ዝርዝሩን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ማን ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን እንደሚመጣ። እያነበበ ሄዶ ጋሼ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጋሼ የራሳቸውን በእጃቸው «10:40» ብለው ጽፈዋል፤ በሀበሻ ሰዓት።

«ይሄ ሰውዬ አውቶብስ የሚይዙት 10:40 ነው? ለምሳ ነው እንዴ የሚመጡት?»

«4:40 ማለታቸው ነው። ሌሊት።»

ዝም ብሎ ወረቀቱን አየ። እሱ በራሱ መኪና ነው የሚመጣው፤ 4:40 ላይ ገና ተኝቷል። ከዚያ ሌሎቹንም ሰዓቶች አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ፖይንቱን ሰረዘው። ለዚያ ሳምንት በአውቶብስ ምክንያት ያረፈደ ሁሉ እንዳይያዝበትም ተስማማ። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በኢሜይል እንዲልክልኝ አደረግሁ፤ የማናጀር ቃል ሽፍት ሲቀየር ይረሳል።

አሁን አዲስ ሰው ሲቀጠር የልብስና የጫማ ቁጥሩ ከተጠየቀ በኋላ በየትኛው አውቶብስ እንደሚመጣና የት እንደሚሳፈር ይጻፋል። ሜትሮ ለውጥ ባወጀ ቁጥር ዝርዝሩን ከአዲሱ ሰሌዳ ጋር የሚያስተያየው ኦምሌት ሠሪው ነው። በጣም ነው የሚያጨናንቀን። ጋሼን ሳይቀር «በምን መጡ? ስንት ሰዓት ተሳፈሩ?» እያለ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም በሀበሻ ሰዓት ይነግሩታል፤ ስድስት ቀንሶ ይጽፋል።