ሰንሰለቱን ማን አሰረው?

ሁለት የልብ ጓደኞቼ በአንድ ቁራ ምክንያት ሦስት ሳምንት ተኳርፈው ቆዩ። ቁራው ጌም ኦፍ ትሮንስ በተባለው ተከታታይ ፊልም ሲዝን 7 ክፍል 6 ላይ፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ መካከል በሙታን ሠራዊት ለተከበቡ ሰዎች እንድትደርስላቸው፣ ከሰሜኑ ግንብ ተነሥቶ «የድራጎኖች እናት» ለምትባለው ባለ ድራጎን ሴት መልእክት የሚያደርሰው ነው። አንደኛው «ያን ሁሉ አገር በስንት ሰዓት አቋርጦ ደረሰ? ደራሲዎቹ ንቀውናል» አለ። ሌላኛው «ድራጎን ሲበር ዝም ብለህ አይተህ ቁራ ላይ ስትደርስ ነው ሒሳብ ትዝ ያለህ?» ብሎ መለሰለት። ወዲያው ነገሩ ከቁራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ዞረ። «አንተ ድሮም እንዲህ ነህ» ተባባሉ፤ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ አንዱ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

ቤቱ የእኔ ነው፤ የጠራኋቸውም እኔ ነኝ። የሰው ወዳጅነት እኔ ቤት ተበላሽቶ እንዴት ዝም እላለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ነው የምጽፈው። እንደ እኔ ተከታታይ ፊልም አይቶ ሲያበቃ «ግን እኮ ባለፈው ሲዝን እንዲህ ብለው ነበር» እያለ አልጋው ላይ የሚገላበጥ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

ስብሰባችን የተጀመረው ኢንተርኔት ሲጠፋ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የባሕር ዳር ወጣት ወደ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ተመለሰ። እኔ ሽምብጥ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ፤ ሱቄ ውስጥ ከተበላሸ ስልክ ይልቅ «ሲዝን 4 አለህ?» የሚል ሰው ይበዛ ነበር። ሲመሽ መውጣት ስለማይቻል እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መሰባሰብ ጀመርን፤ ታላቅ እህቴ፣ ሁለቱ ጓደኞቼ፣ ጎረቤታችን ፋርማሲስቷና ሕግ የሚማረው የአክስቴ ልጅ። መብራት ካለ በቴሌቪዥን፣ ከሌለ የላፕቶፑ ቻርጅ እስኪያልቅ።

ቀድሞ ክርክር ሲነሣ አንዱ ስልኩን ያወጣና ሌላ አገር ያለ አድናቂ የጻፈውን ያነብልን ነበር። በዚያው ያልቃል። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ግን መልሱን ራሱ ፊልሙ ውስጥ ገብተን መፈለግ ግድ ሆነብን። የእኛ ክርክር ጣዕም ያገኘው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን መከራከር አናውቅበትም ነበር።

ያስተማሩን አጎቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ፊልሙን አያዩም፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ጭቅጭቁን ይሰማሉ። ከቁራው ጠብ በኋላ ጠሩኝና «ልጄ፣ ጭብጥ ያልተያዘበት ሙግት አያልቅም። እነዚህ ልጆች ስለ ሦስት ነገር እየተሟገቱ አንድ ይመስላቸዋል» አሉኝ። ደግሞ «ነገሩን የነገራችሁ ምስክር ያየ ነው ወይስ የሰማ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልመልስ? እስከዚያ ቀን ድረስ በፊልም ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ምስክር መሆኑን አስቤው አላውቅም።

«አንቱ ዳኛ ሁኑልን» ብላቸው እምቢ አሉ። «ዳኛ ካገኛችሁ እርስ በርስ መደማመጥ ትተዋላችሁ። አባቴ በላ ልበልሃ ሲባል ቆመው ያዩ ሰው ነበሩ፤ የባላጋራህን ቃል አጥርተህ ሳትይዝ ምላሽ አትሰጥም ይሉ ነበር» አሉኝ።

በማግስቱ ልባሱ ጠንካራ የሆነ ትልቅ ደብተር ገዛሁ። አምስት ዓምድ አሰመርኩበት፤ ሕጉ ምንድን ነው፣ ማን ተናገረው፣ አየነው ወይስ ሰማነው፣ ተጥሶ ያውቃል ወይ፣ የሰዎቹን ኑሮ ምን ለወጠው። አምስተኛው ዓምድ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ስለ እርሱ እመለሳለሁ። ከዚያ ሁለቱን ኩርፈኞች ለየብቻ ሄጄ ለመንኳቸው፤ መጡ።

የቁራው ነገር በጭብጥ ሲከፈል ሦስት ሆነ። አንደኛ፣ ፊልሙ የቁራና የድራጎን ፍጥነት ነግሮናል ወይ? አልነገረንም። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ በበረዶው ሐይቅ መካከል ባለችው ድንጋይ ላይ ስንት ጊዜ ቆዩ? ሦስተኛ፣ አተራረኩ ጥሩ ነው ወይ? አንዱ ጓደኛዬ ስለ ሦስተኛው ሲያለቅስ ሌላው ስለ አንደኛው ነበር የሚመልስለት። ሁለተኛው ላይ እህቴ ማስረጃ አወጣች። ሙታኑ ወደ ድንጋይዋ ያልተሻገሩት በረዶው ተሰብሮ ውሃ ስለሆነ ነው። ኋላ ሃውንድ የሚባለው ሰውዬ የወረወረው ድንጋይ ሳይሰጥም በላዩ ሲንሸራተት ሙታኑ በረዶው ተመልሶ መጋገሩን አወቁ። ደግሞ ከሰዎቹ አንዱ በብርድ ደርቆ አድሯል። ማንም ቁጥር አልጠራም፤ ነገር ግን ጊዜ ማለፉን በዓይናችን አይተናል።

ይሁንና የመጀመሪያው ጓደኛዬ ሙሉ በሙሉ አልተረታም፤ መረታትም አልነበረበትም። ሲዝን 1 ክፍል 1 ላይ ንጉሡ ወደ ሰሜን ሲመጣ ንግሥቲቱ አንድ ወር ሙሉ መጓዛቸውን ትናገራለች፤ ራሷ የተጓዘች ስለሆነች ያየ ምስክር ናት። በእነዚያ ሲዝኖች መንገድ ራሱ ታሪክ ነበር፤ ሰው የሚዋደደውም የሚጠፋፋውም መንገድ ላይ ነው። ኋላ መንገዱ ጠፋ። የእኔም ፍርድ ይህ ነው፤ ሲዝን 7 የድራጎንን ሕግ አልጣሰም፤ ስለ መንገድ የሰጠንን ቃል ግን አጠፈ። ሁለቱ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ተያዩ። የተጣሉት ሁለቱም ልክ ሆነው ኖሯል።

ያየና የሰማ የሚለው ብዙ ጭቅጭቅ አስቀረልን። ሱፐርናቹራል በተባለው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ማንኛውንም ነገር ይገድላል የሚባልለት ኮልት የተባለ ሽጉጥ አለ። ሲዝን 5 ክፍል 10 ላይ ሉሲፈርን ግንባሩን ይመቱታል፤ ወድቆ ይነሣና ይህ ሽጉጥ የማይገድላቸው አምስት ፍጥረታት እንዳሉ፣ እርሱም አንዱ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ቤቱ «ማጭበርበር ነው!» ብሎ ጮኸ። ደብተሩን ስንገልጥ ግን «ሁሉን ይገድላል» የሚለው አጋንንት እያሳደዱ የሚገድሉት ሰዎች ወሬ ነው። አጋንንት ሲገድል አይተናል፤ ሁሉን ሲገድል አላየንም። ሕግ አልተጣሰም።

ፋርማሲስቷ ግን አልተዋጠላትም። «እኔ መድኃኒት ስሰጥህ ለማን እንደማይሆን አስቀድሜ ነው የምነግርህ። ከዋጥከው በኋላ ብነግርህ ዋሸሁህ አትለኝ ይሆናል፤ ግን ሁለተኛ ታምነኛለህ?» አለች። በዚህ ንግግሯ ደብተሩ ላይ «ስህተት» የሚለው ቃል ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ እርስ በርስ መጋጨት፣ ሌላው አዘግይቶ መናገር። ሁለተኛው ተመልካችን ይበልጥ ያስከፋል ብዬ አስባለሁ።

በጣም የሳቅንበትም በጣም የተማርንበትም የደጃፉ ሕግ ነው። ቫምፓየር ዳየሪስ በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ቫምፓየር፣ ማለትም የሰው ደም የሚመጥ ፍጥረት፣ ካልጋበዙት በስተቀር የሰው ቤት መግባት አይችልም። እህቴ የምትኖረው በኪራይ ስለሆነ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ጋባዡ ማን ነው? አከራይ ወይስ ተከራይ?» የሚል ነበር። ማስረጃ ፈለግን። ሲዝን 1 ላይ ቫምፓየሩን ስቴፈንን «ግባ» ያለችው ኤሌና ናት፤ ቤቱ ውስጥ ከአክስቷ ጋር የምትኖር የትምህርት ቤት ልጅ። ስለዚህ መጋበዝ የነዋሪው ነው። ሲዝን 2 ላይ ደግሞ ሳልቫቶሬዎቹ (ስቴፈንና ወንድሙ) የራሳቸውን ቤት በኤሌና ስም ያዛውራሉ፤ በሕይወት ያለ ሰው ባለቤት ከሌለው ማንኛውም ቫምፓየር ዘው ብሎ ይገባበታልና። የአክስቴ ልጅ ከመቀመጫው ተነሣ። «አያችሁ! አስማቱ ደጃፉ ላይ አይደለም ያለው፤ ካርታው ላይ ነው!» ያን ቀን ፊልሙን ትተን ስለ ስም ማዛወርና ስለ ውርስ እስከ ምሽት አወራን። ውርሱ ገና ያልተጣራ ቤት ደጃፍ ላይ ቫምፓየር ምን ይሆናል? ደብተሩ ላይ አለ፤ መልስ የለውም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ስትሬንጀር ቲንግስ በተባለው ተከታታይ ፊልም ሲዝን 4 ላይ ልጆቹ በታችኛው ዓለም፣ የከተማቸው ጨለማ ግልባጭ በሆነው ዓለም፣ ከመካከላቸው የአንዷ የናንሲ መኝታ ቤት ገብተው የማስታወሻ ደብተሯን ሲገልጡ፣ የመጨረሻው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1983 የተጻፈ ሆኖ ያገኙታል፤ ዊል የተባለው ልጅ ወደዚያ ዓለም ተወስዶ የጠፋበት ቀን። ያ ዓለም እዚያ ቀን ላይ ቆሟል ማለት ነው። እኔ ወዲያው ፊልሙን አቆምኩት። ሲዝን 1 ላይ ዊል ከዚያ ሆኖ እናቱን ያናገራት በገና መብራቶች ነበር፤ እናቱ መብራቶቹን የሰቀለችው ደግሞ ልጇ ከጠፋ በኋላ ነው። ቀኑ ከቆመ መብራቶቹ እዚያ ሊኖሩ አይችሉም። «ተያዙ!» ብዬ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መጋጨት» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰዉም አጨበጨበ። ፊልሙን ስናስቀጥል በዚያው ክፍል መልሱ መጣ። በላይኛው ዓለም መብራት ባለበት ቦታ ሁሉ፣ በታችኛው ዓለም አየሩ ላይ ብልጭልጭ የሚል ብርሃን ይታያል፤ መብራቱ ራሱ እዚያ መኖር አያስፈልገውም። እህቴ ምንም አልተናገረችም፤ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ሳያልቅ ደብተሩ አይገለጥም፤ ሲገለጥም በእርሳስ ነው የምንጽፈው።

እዚያው ሲዝን ውስጥ ግን እውነተኛ ስህተት አለ። የዊል ልደት መጋቢት 22 መሆኑን ሲዝን 2 ላይ እናቱ ትናገራለች። ሲዝን 4 ውስጥ በዚያው ቀን የሚውል ታሪክ አለ፤ አንድም ሰው እንኳን ተወለድክ አይለውም። አዘጋጆቹ ራሳቸው መርሳታቸውን አምነዋል። እኔ ግን በዚህ አልተቆጣሁም። የቀን መርሳት የዓለሙን ሕግ አይነካም፤ ልጁ እንዲያሳዝነኝ ብቻ ነው ያደረገኝ።

አምስተኛውን ዓምድ ያመጣው የዘጌ ሰው ነው። ታንኳ ቀዛፊና ዓሣ አስጋሪ ነው። ስልኩ ጣና ውስጥ ወድቆበት ለጥገና ሰጥቶኝ ነበር፤ እሑድ ሊወስድ መጣና ቡና ጠጣ ብለነው በዚያው ቀረ። የምንጨቃጨቀውን ለረጅም ሰዓት ከሰማ በኋላ «እኛ ጋ መሬት አይታረስም፣ በሬ አይጠመድም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም የመጣ ኪዳን ነው። ለዚህ ነው በቡና የምንኖረው፤ ጤፉን ገበያ ሄደን ነው የምንገዛው። ሕግ ካለ ኑሮ ላይ ይታያል። የእናንተዎቹ ሰዎች ኑሯቸው ላይ ይታያል?» አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። ሌሊት ሌሊት ቫምፓየር ሰው በሚበላበት ከተማ ሰው በምሽት ለሽርሽር ከወጣ፣ ሕጉ በቃል እንጂ በኑሮ የለም ማለት ነው። ቫምፓየር ዳየሪስን በዚህ ስንመዝነው አንዳንዴ ይወድቃል፤ ቫምፓየርን የሚያቃጥለውን ቬርቬይን የተባለ ተክል ከከተማው ውሃ ጋር ሲቀላቅሉ ግን ነጥብ አግኝቷል።

ይኸው ሰው ነው የሰንሰለቱንም ነገር የቀሰቀሰው። በዚያው በቁራው ክፍል መጨረሻ ላይ ድራጎኑ ተመትቶ ሐይቁ ውስጥ ይሰጥማል፤ ሙታኑም በትላልቅ ሰንሰለት ጎትተው ያወጡታል። ታዲያ ሙታን ውሃ የማይደፍሩ ከሆነ ታች ወርዶ ሰንሰለቱን ማን አሰረው? ሲዝን 5 ክፍል 8 ላይ ሰዎቹ በጀልባ ሲያመልጡ ሙታኑ ዳርቻው ላይ ቆመው ቀርተዋል። እኛ «አይገቡም» ብለን ጽፈን ነበር።

«አይዋኙም በሉ እንጂ አይገቡም አትበሉ» አለ ባለ ታንኳው። «ድንጋይም አይዋኝም፤ ግን ታች ይደርሳል። በረዶው ሲሰበር ስንቶቹ ሰጠሙ? የሞተ ሰው ትንፋሽ አያጥረው፤ እዚያው ታች አሉ።» «እንዲያ ከሆነ ወለል ለወለል ሄደው ለምን ድንጋይዋ ላይ አልወጡም?» አለች ፋርማሲስቷ። እርሱም ጥቂት አሰበና «ጭቃ» አለ። «ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ነው፤ ግን ጭቃው የያዘውን አይለቅም።»

ቀጥሎ መውረድም ላያስፈልግ እንደሚችል ሊያሳየን ፈለገ። እህቴን ውሃ የሞላ ሳፋ አስመጥቶ የሱቄን ጓጉንቸር ወደ ውስጥ ጣለው። ሽቦ ቆልምሞ በገመድ አሰረና ዓይኑን ጨፍኖ የሳፋውን ወለል ቀስ እያለ ዳበሰ። ቀጭ አለ። ገመዱን ሳብ ሲያደርግ ጓጉንቸሩ በቀለበቱ ተንጠልጥሎ ወጣ፤ ውሃው እየተንጠባጠበ። «የጠፋ መረብ እንዲህ ነው የምናወጣው» አለን።

«ጓጉንቸሩ ቀለበት አለው፤ ድራጎኑስ?» አለች እህቴ።

«ክንፍ አለው።»

«ክንፉ እኮ የዚያን ሁሉ ገላ ክብደት ሳይቀደድ አይችልም» አለ ያ በቁራው ጊዜ ጃኬቱን አንሥቶ የወጣው ጓደኛዬ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ ያኔ የተጣላው ሰው ነው፤ ራሱን እየነቀነቀ ይደግፈዋል። ሰንሰለቱን ከየት አመጡት የሚለውንማ ገና አልነካነውም።

በደብተሩ ላይ «ሰንሰለት» ከሚለው ርእስ ሥር ሁለት ገጽ ባዶ ትቻለሁ። ባለ ታንኳው በመጪው እሑድ እውነተኛውን መንጠቆና ገመድ ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል። እህቴ ደግሞ ሳፋው ስለማይበቃ በርሜሉን እንድሞላ አዛኛለች።