ካርድ ከመበተን የጾም ቡፌ ሰልፍ ይሻላል

ታኅሣሥ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴል አዳራሽ ማግኘት ጭንቅ ነው። ኤምባሲው፣ ኤንጂኦው፣ ከውጭ ጋር የሚሠራው ኩባንያ ሁሉ የፈረንጆቹን ዓመት መዝጊያ ይደግሳል። ወሩ ሊያልቅ ሲል የእኛ ገና ይመጣል፤ ጳጉሜ ላይ ደግሞ የእንቁጣጣሹ ተራ ነው። እኔ የምሠራው ኅትመት ነው። ካላንደር፣ አጀንዳ፣ የስጦታ ቦርሳ። ስለዚህ እነዚህ ግብዣዎች ላይ የምገኘው ለመብላት ብቻ አይደለም፣ ደንበኛ ፍለጋም ነው። ምን እዋሻለሁ?

መቼም አንድ ዓይነት ሰው አይጠፋም፤ ታውቁታላችሁ። ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ ቢዝነስ ካርዱን ያቀብላል። እያወራችሁት ዓይኑ በር በሩን ያያል፣ ከእናንተ የተሻለ ሰው ገብቶ እንደሆነ። አዳራሹን ዞሮ ይጨርስና በማግስቱ ኪሱ ውስጥ ካሉት ካርዶች የአንዱንም ባለቤት መልክ አያስታውስም። የተቀበሉትም እሱን አያስታውሱትም። ያንን ሁሉ ካርድ የማትመው እኔ ስለሆንኩ ግን ቅር አይለኝም።

ሰው የማውቀው የጾም ቡፌው ጋ ነው። የፈረንጆቹ ዓመት መዝጊያ ሁሌም የገና ጾም ውስጥ ይወድቃል፤ ጾሙ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ነው። ጥብሱ በአንድ በኩል ይጨሳል፣ ሽሮውና አዚፋው በሌላ በኩል ነው። ጾም ቡፌው ጋ ጾመኛው ብቻ አይሰለፍም። ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ያላወቀ ሙስሊም እንግዳም እዚያው ይመጣል፣ ሐኪም ሥጋ ቀንሱ ያላቸው አለቆችም አይጠፉም። ዳይሬክተሩና ሾፌሩ አንድ ሰልፍ ላይ ናቸው። ሰሃን ይዞ የቆመ ሰው ደግሞ የትም አይሄድባችሁም። ዓሣ ከቀረበማ ጨዋታ መፈለግ አያስፈልግም፣ ‹‹በጾም ይበላል አይበላም›› የሚለው ክርክር ራሱ ሰዉን ያስተዋውቃል። እኔ አልበላም፣ ግን አልፈርድም እላለሁ፤ ሁለቱም ወገን ያኮርፈኛል።

‹‹የት ነው የምትሠራው?›› ብዬ አልጀምርም። ለበዓል እዚሁ ነህ ወይስ ቤተሰብ ጋ ትሄዳለህ ብላችሁ ጠይቁ፤ የበግ ዋጋ ይነሳል፣ የእናት ነገር ይነሳል፣ ሰው ፈታ ይላል። ‹‹አገርህ የት ነው?›› የምትለዋን ግን ተዉአት። ድሮ የዋህ ጥያቄ ነበረች፣ አሁን ሰው ከኋላዋ ሌላ ነገር ይፈልግባታል። ዝም ብላችሁ ብታዳምጡ ራሱ ይነግራችኋል።

ስለ ሥራ ማውራት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ግን ጊዜውን ማወቅ ደግ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ብዙ ኤንጂኦዎች ግን በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ነው የሚዘጉት። ስለዚህ ያን ሰሞን የኤንጂኦው ሰው ወይ የተረፈ በጀት ሊጨርስ እየተሯሯጠ ነው፣ ወይ የቀረው ነገር የለም። ከጨረሰ ስለ ልጆቹ አውሩት፣ ጥር ላይ አዲስ በጀት ይዞ ይመጣል።

ስልክ ስንለዋወጥ ያው እንደሁላችንም ሚስኮል ነው። ችግሩ ስሙን ስንመዘግብ ‹‹እከሌ ሲሚንቶ››፣ ‹‹እከሊት ባንክ›› ብለን መተዋችን ነው። እኔ ከሥሩ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ልጁ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ እናቱ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ነው፣ እንደዚህ እንደዚህ። ከዚያ ሰሞኑ ሲደርስ እደውላለሁ። ለበዓል ሻማና አደይ አበባ ያለበት ሥዕል ለሁሉም ፎርዋርድ ማድረግ ደስ አይለኝም፣ ከላኪው በቀር ማንም አያየውም። ይባስ ብሎ ሙስሊሙ ደንበኛ ‹‹እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰዎ›› ይደርሰዋል፤ በኢድ ግን የሚያስታውሰው የለም። ለኢድ ደውሉለት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው፣ ቶሎ አትውጡ። የክብር እንግዳው አርፍዶ መጥቶ ንግግሩን አስረዝሞ ሲሄድ ብዙ ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። የቀረው ከረባቱን ላላ አድርጎ ቄጤማው ጋ፣ ቡናው ጋ ይሰበሰባል። ጀበናው ተጥዶ ፈንዲሻው ሲዞር አቦሉን ጠጥቶ የሚሮጥ ጥቂት ነው። ቶና ላይ ሲደረስ ሰው ማዕረጉን ይረሳል።

አንዲት የአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ኃላፊ ያወቅኳት እንደዚህ ነው። የግዥ ሰው ግብዣ ላይ ሲታይ አቅራቢው ሁሉ ይከበዋል፣ ምስኪኗ ቡና ጥግ ተደብቃ ነበር። አንቱ ብላት ‹‹ምነው አስረጀሽኝ!›› አለችና ሳቅን። ስለ ወረቀት አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ያወራነው ድፎ ዳቦ ኮባ ሳይኖር እንዴት እንደሚጋገር ነው፤ እሷ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆና ተቸግራ ነበር፣ እኔ ጓሮዬ ኮባ አለ። ለገና ዋዜማ ቆርጬ ላክሁላት። ኮባ ብቻ! ግዥ ክፍል ላለ ሰው ከዚያ ያለፈ ነገር መላክ ሌላ ስም አለው፣ እሷም አትቀበልም፣ እኔም አልሞክረውም።

ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እንደዋወላለን። ለእህቷ ሠርግ ካርዱን እኔ ሠራሁት፣ ከሠርገኞቹም ሌላ ደንበኛ መጣልኝ። የመሥሪያ ቤቷን ጨረታ ግን እስካሁን አላሸነፍኩም። ፕሮፎርማ አስገባለሁ፣ ‹‹ዋጋሽ ውድ ነው›› ትለኛለች ፊት ለፊት፤ ማታ ደግሞ ‹‹ኮባ አለሽ?›› ብላ ትደውላለች።