ንስር ልናይ ሄደን በሃያ ግራም ወፍ ተያዝን

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል አላርሜ ሲጮህ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ማን እሺ በል አለኝ" የሚል ነበር። የእህቴ ልጅ ግን ጫማዋን አስራ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ "አጎቴ፣ ወፎቹ ሳይነሱ መድረስ አለብን ያልከኝ አንተ ነህ እኮ" ትለኛለች። ብዬ ነበር መሰለኝ። ነገሩ የዱር እንስሳት መጠለያው በዓመት አንዴ የሚያዘጋጀው የወፍ ፌስቲቫል ነው፣ ፖስተሩ ላይ ትልቅ ዓሣ በጥፍሩ ይዞ ከውሃ የሚነሳ ወፍ ፎቶ አለ፣ እሷም እሱን አይታ "ንስሩን ካላየሁ" እያለች ሳምንት ሙሉ ስትነዘንዘኝ ነው የከረመችው።

ስንደርስ ገና ጨለማ ነው፣ ሃያ ምናምን ሰው በሩ ጋ ተሰብስቧል፣ ግማሹ ክንድ የሚያክል ሌንስ ተሸክሟል። እኔ የያዝኩት ከጓደኛ የተዋስኩትን ባይኖኩላር ነው፣ 8 በ42 የሚል ተጽፎበታል፣ እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስምንቱ ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፣ አርባ ሁለቱ ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሰፋ ባለ ቁጥር እንዲህ በንጋት ድንግዝግዝ ላይ የተሻለ ብርሃን ያስገባል። አስር እጥፍ የሚያቀርበው አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ አስጎብኚዋ ሳቀችና ወፏን ሲያጎላ የእጅህን መንቀጥቀጥም አብሮ ነው የሚያጎላው አለችኝ። ሌላም ዘዴ አሳየችን፣ ወፏን በዓይንህ ትይዛለህ፣ ከዚያ ዓይንህን ሳትነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ፊትህ ታመጣለህ እንጂ መጀመሪያ ባይኖኩላሩን ደቅነህ በሱ ወፍ መፈለግ የለም። እኔ እስከዛሬ በሁለተኛው መንገድ ነበር ቅርንጫፍ ሳይ የኖርኩት።

ከዛ ምን አለፋችሁ፣ አንድ ኩሬ ዳር አቁማን አርባ ደቂቃ ዳክዬ አሳየችን። ዳክዬ! በሆዴ ለዚህ ነው እንዴ እንቅልፌን ያጣሁት እያልኩ ነበር፣ አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ደግሞ ማስታወሻ ደብተር ይዞ "አስራ ሰባት... አስራ ስምንት" እያለ ዝርያ ይቆጥራል፣ አንዱን ካየ በኋላ ዞር ብሎም አያየውም። ግን ስትቆም የማታየው ነገር መታየት ይጀምራል። አንዳንዶቹ ዳክዬዎች ጭራቸውን ወደ ላይ ገትረው ጭንቅላታቸውን ብቻ ነው የሚነክሩት፣ ሌሎቹ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይሰምጡና ፈጽሞ ባልጠበቅከው ቦታ ብቅ ይላሉ፣ እና ይሄ ዝም ብሎ ልማድ አይደለም፣ ጠላቂዎቹ እግራቸው ወደ ኋላ የራቀ ነው፣ ለዋና ይመቻቸዋል መሬት ላይ ሲራመዱ ግን ይንገዳገዳሉ። አረንጓዴ ጭንቅላት ያለው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ማላርድ የሚባለው ዳክዬ አለ አይደል፣ ያ "ኳክ ኳክ" የምንለው ትልቁ ድምፅ የሴቷ ነው፣ ያጌጠው ወንዱ ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ነው ድምፁ። የእህቴ ልጅ ይሄን ስትሰማ እኔን አየችና ሳቀች፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልማረር። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ የወፍ ድምፅ ቀረጻ በትልቁ ማጫወት ጀመረ፣ ሸምበቆው ውስጥ የተደበቀችውን ትንሽ ወፍ ለማስወጣት ነው። እሷም ወጣች። አስጎብኚዋ በጨዋ ቋንቋ ግን ፊቷ ተለዋውጦ አስቆመችው። ወፏ እኮ የምትወጣው ግዛቴን የሚቀማ ተቀናቃኝ መጣ ብላ ነው፣ ምግብ የምትፈልግበትን ጊዜና ጉልበት ከሌለ ጠላት ጋር ስትጣላ ታጠፋዋለች፣ አንተ ፎቶህን አንስተህ ትሄዳለህ ቀጥሎ ሌላው ይመጣል። ማዳመጥ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ላብ የሚያወጣው ሜርሊን የሚባለው ነጻ አፕ የሰማውን ድምፅ የማን እንደሆነ ይነግርሃል፣ እኔ ራሴ በዛው ጠዋት ነው ያወረድኩት፣ ችግሩ የኔ ነው፣ ሜዳ ሙሉ ወፍ እየዘመረ ዓይኔን ስክሪን ላይ ተክዬ ራሴን ያዝኩት።

ወደ ንስሩ ልምጣ። ንስር እንኳን አይደለም፣ ኦስፕሬይ የሚባል ዓሣ በል አዳኝ ወፍ ነው። ቴሌስኮፑ ተተክሎ ተሰልፈን አየነው፣ ውሃው መሃል ያለ ግንድ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። አንድ ሰዓት ሙሉ ጀርባውን። ሰዉ ሁሉ አሁን ይነሳል አሁን ይነሳል እያለ፣ እሱ ላባውን ያበጥራል። በዚህ መሃል የሰማሁት ነገር ግን ከፖስተሩ ይበልጥ ገረመኝ፣ ከአራቱ ጣቶቹ አንዱን ወደ ኋላ ማዞር ይችላል፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ አድርጎ ያንን የሚያሙለጨልጭ ዓሣ ይይዘዋል፣ የእግሩ መዳፍ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው፣ ሲበርም የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ፊት አዙሮ ነው የሚሸከመው፣ ነፋስ እንዳይገፋው። ወፉ አልተነሳም። ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

እኔም ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው ወፎች እግራቸው ላይ ቀለበት ወደሚታሰርበት ጠረጴዛ የወሰድኳት። እዚያ አምስት ሰው እንኳን አልነበረም፣ ፌስቲቫሉ ሁሉ ቴሌስኮፕ ጋ ነው። ሸምበቆው ዳር ለዓይን የማይታይ ቀጭን መረብ ዘርግተው፣ የገባችውን ወፍ ቶሎ ፈትተው በጨርቅ ከረጢት ያመጧታል። የእንግሊዝኛ ስሟ ባርን ስዋሎው ነው፣ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ጭራዋ መንታ የሆነ፣ ቤት ጣሪያ ስር በጭቃ ጎጆ የምትሠራዋ። ሰውየው አንገቷን በሁለት ጣቶቹ መሃል ቀስ አድርጎ ይዞ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት አጠለቀ፣ ክንፏን በማስመሪያ ለካ፣ ከዛ በትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በጭንቅላቷ ደፍቶ ሚዛን ላይ አቆማት (ጨለማ ሲሆንባት ትረጋጋለች)። 19.6 ግራም። ከዛ ደግሞ አፉን አስጠግቶ ደረቷ ላይ እፍ አለ፣ ላባው ሲከፈት ከስስ ቆዳዋ ስር ቢጫ ነገር ታየ፣ ስብ ነው፣ ለጉዞ የሞላችው ነዳጅ። የዚህ ዝርያ ወፎች አውሮፓ የሚፈለፈሉት እስከ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳሉ፣ ሰሜን አሜሪካ የሚፈለፈሉት ደግሞ እስከ አርጀንቲና። ሃያ ግራም በማትሞላ ነገር!

"ቀለበቱን ማን ያነበዋል?" አለች ልጅቷ። አብዛኛውን ማንም፣ አላት ሰውየው ሳይሸፋፍን፣ ቀለበት ከታሰረላቸው ትናንሽ ወፎች የሚበዙት ዳግም አይገኙም። ግን የተገኙትን ቆጥሮ ነው ስንት እንደሚኖሩ የት እንደሚሄዱ የታወቀው፣ ሥራውን በሥርዓት የጀመረው ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ነው፣ በ1899 (በፈረንጆቹ)፣ የመጀመሪያዎቹ 165 ወፎች ነበሩ። ከዛ ስለ ዊዝደም ነገራት፣ ይህን ስም ያወጡላት አልባትሮስ የሚባል የባሕር ወፍ ነች፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ሚድዌይ ደሴት በ1956 ቀለበት ታሰረላት፣ ያኔም ዕንቁላል የምትጥል ትልቅ ወፍ ነበረች፣ በ2024 መጨረሻም ዕንቁላል ጥላ ተገኝታለች፣ ቀለበት ያሰረላት ቻንድለር ሮቢንስ ራሱ ሞቶ እሷ አለች። ልጅቷ አፏን ከፍታ "ከአያቴ ትበልጣለች?" አለች። ትበልጣለች።

ከዛ እጅሽን ዘርጊ አላት። መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፣ ወፏ ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም ብላ ተቀመጠች፣ ከዛ የለችም። "ልቧ ይመታል፣ ልቧ ይመታል" እያለች እጇን ለረጅም ጊዜ እንደዘረጋች ቀረች፣ ኦስፕሬዩን ከዚያ በኋላ ስሙንም አላነሳችው። እኔማ እዛው ጠረጴዛ ጋ እስከ ቀትር ቆየሁ፣ መዝጋቢዋ ቁጥሩን ስትጽፍ እኔ እያነበብኩላት።

ከሰዓት በኋላ ብዙ ነገር ነበር፣ የወፍ ጎጆ ሳጥን መሥራት (መዶሻው አውራ ጣቴን አገኘው፣ እንለፈው)፣ አንድ ሰው ደግሞ መጠለያ የሚባል ነገር እንዴት እንደመጣ አጠር አድርጎ አወራ፣ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የፌዴራል መንግሥት የዱር እንስሳት መጠለያ በ1903 ፍሎሪዳ ውስጥ ፔሊካን አይላንድ የተባለች ትንሽ ደሴት ነበረች፣ ወፎቹ የሚገደሉት ላባቸው ለሴቶች ባርኔጣ ስለሚፈለግ ነበር። ባርኔጣ!

የልጅቷ ሁለተኛ ፍቅር ግን የጉጉት ትፋት ሆነ። ጉጉት አይጧን ሳታኝክ ትውጣትና ፀጉርና አጥንቱ አይፈጭላትም፣ ድብልብል አድርጋ መልሳ ትተፋዋለች፣ ያንን የተሞቀና ከጀርም የጸዳ ድብልብል በወረንጦ እየፈታህ አጥንት ትለቅማለህ። ሽታ የለውም፣ እኔ ነኝ ሩቅ የቆምኩት። ከአንዱ ብቻ ሦስት የራስ ቅል አወጣች፣ ካርቶን ላይ በሙጫ እየለጠፈች አንድ ሙሉ አይጥ ገጣጠመች፣ አንድ የታችኛው መንጋጋ ብቻ ጎደለባት፣ ጠረጴዛ ስር ሁሉ ፈለግን አጣነው።

ሰኞ ጠዋት ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ቁልፍ ስፈልግ ጣቴን አንድ ነገር ወጋኝ፣ መንጋጋው። እንዴት እንደገባ እንጃ። ደውዬ ነገርኳት፣ "እንዳትጥለው! በጨርቅ ጠቅልለው!" ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።