ሁለቱም ዓይኖቼ ወደ አንድ አዩ

ለአራዳው ጊዮርጊስ ተስዬ ነበርና ልመስክር።

ቀኝ ዓይኔ ሸወር ይላል። ሲደክመኝ ወደ ውጭ ይሄዳል። ፒያሳ ያደገ ሰው ለዚህ ምን ዓይነት ቅጽል ስም እንደሚወጣ ያውቃል፤ አልደግመውም። ግራው ከሩቅ የታክሲ ታፔላ ያነባል። ቀኙ በመነጽር ቁጥር ማይነስ 6 ነበር፤ ከአፍንጫዬ ሥር ካልሆነ አያይም። መነጽርም አልሆነኝም። የሁለቱ ዓይን ቁጥር እንዲህ ሲራራቅ፣ በአንዱ መስታወት ሰው ያንሳል፣ በሌላው እንዳለ ነው። ደረጃ ስወርድ መሬቱ ይዋዥቅብኝ ነበር።

የቀኙን እይታ በሌዘር ላስተካክል ስል እናቴ «ዓይን አይነካም ልጄ፣ ጸበሉ ይበቃሻል» አለች። ጸበሉንም ተጠመቅኩ፣ ቀጠሮም ያዝኩ። «ጊዮርጊስ ሆይ፣ ያለኝን አታሳጣኝ፤ ከተሳካልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

የቀጠሮዬ ዕለት ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልኩ። እንዴት እንደተናደድኩ! እናቴ እስካሁን «እሱ ነው የሰበረው» ትላለች፤ እኔ እንኳን እዚያ ድረስ አልሄድም። ብቻ ያ ክሊኒክ ዓይኔ ስለ መሸወሩ ምንም አልጠየቀኝም ነበር።

ዘመድ ወደ ሌላ ሐኪም ወሰደኝ። የእሷ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ሆነ። «ሌዘር የሚቀርጸው የዓይንሽን ፊት፣ ኮርኒያውን ነው። ዓይን የሚያዞረውን ጡንቻ አይነካም» አለችኝ። ቀኙ ሲጠራ ሁለቱ ተስማምተው ሊያዩ ይችላሉ። ካልተስማሙ ግን ነገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ለሙከራ አስቀድማ በቀኙ ኮንታክት ሌንስ፣ ዓይን ላይ የሚቀመጠውን ስስ መነጽር፣ አስገባችልኝ። እንደዚያ ሆኜ እንድሠራ፣ መንገድ እንድሻገር፣ ታክሲ እንድሳፈር። የእውነት የጸለይኩት ያኔ ነው።

ሁለት አልሆነብኝም! ቀኙ በቅርብ ሲያነብ ስለኖረ አልሰነፈም ነበር አለች። ሌንስ የኮርኒያን ቅርጽ ስለሚለውጥ ከልኬቱ በፊት አስወልቃ አስቆየችኝ፤ ውፍረቱንም ለካች። ሌዘሩ ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ማደንዘዣ ጠብታ፣ ትክ ብለው የሚያዩት መብራት፣ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ፣ አለቀ።

ዛሬ ሁለቱም ሩቅ ያያሉ። በጣም ሲደክመኝ ቀኙ አሁንም ትንሽ ይሄዳል። ቢብስ የጡንቻ ቀዶ ሕክምና ለብቻው እንዳለ ሐኪሟ ነግራኛለች። ስለቴን ሚያዝያ 23 አስገባሁ። እናቴ ጃንጥላው አነሰ አለች።