አስናቀች ወርቁና አክስቴ

ሰሞኑን አስናቀች ወርቁን ነው የምሰማው። ክራሯን በልጅነቴም አውቀዋለሁ። መድረክ ላይ ስትተውን ለማየት ግን አልደረስኩም። ይሄ ይቆጨኛል።

በ1940ዎቹ ወደ ቴአትር ስትገባ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ቀሚስ አጥልቀው፣ ሻሽ አስረው። «አዝማሪ» መባል ስድብ በሆነበት ጊዜ ነው ያቺ ወጣት ሕዝብ ፊት የቆመችው። በ1948 በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ተውናለች፣ ዘፍናለች፣ ክራር ደርድራለች። በፈረንሳይ የሚታተመው የኢትዮፒክስ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛው አልበም የእሷ ነው። መስከረም 2004 አረፈች። ድምጿስ ቀረልን። ትወና ግን ያየው ሰው ሲያልፍ አብሮት ነው የሚሄደው።

እሷን ሳስብ አክስቴ ትመጣብኛለች።

አክስቴ ደሴ፣ ሮቢት ነው ያደገችው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋም እሷንም መርጠዋት ነበር። አያቴ «የኔ ልጅ አዝማሪ አትሆንም!» አሉ። በቃ፣ ቀረች። እኚሁ አያቴ ሬዲዮ ላይ አምባሰል ሲመጣ እንባቸው ይወርድ ነበር። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ አገር ስም ናቸው። ዘፈኑን እንዲህ እየወደድን ዘፋኟን፣ ተዋናይዋን ከቤታችን እንዳትወጣ መከልከላችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አክስቴ ደግሞ ተሰጥኦ ነበራት። አሁንም አላት። ቡና ላይ የሰኞ ገበያን በርበሬ ነጋዴ ስታስመስል ሲኒ የያዘ ሰው አይተርፍም፣ ሁሉም ይደፋዋል። ስለ አስናቀች ባነሳሁባት ጊዜ «እሷን በሬዲዮ እየሰማሁ አይደል እንዴ የተመኘሁት» አለችኝና ወደ ፍሙ ዞረች። ብዙ አላወራችም።

አሁን የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤቷ የድራማ ክበብ ገብታለች። አባቷ «ጥናትሽስ?» ብሎ ማጉረምረም ሲጀምር አክስቴ ናት ያስቆመችው። «ተዋት! እኔን የከለከሉኝ ይበቃል» አለችው። እንዲህ ቆጣ ብላ አይቻት አላውቅም። ልጅቷ የተሰጣት የአሮጊት ሚና ነው። ማታ ማታ አክስቴ ጋ ትሄዳለች፤ ሳሎን መሃል ቆማ ወገቧን ይዛ ታቃስታለች።

«አይደለም፣ የኔ እናት» ትላታለች አክስቴ። «አሮጊት ስትነሳ መጀመሪያ የምትይዘው ጉልበቷን ነው። በይ፣ እንደገና ተቀመጪ።»